የሞቱት አባቶች ዕዳ

ከወጣቶቻችን አንዱ ውጭ አገር ካሉ ዘመዶቹ ዘንድ ከርሞ ሲመለስ አንድ የጠረጴዛ ጨዋታ ተምሮ መጣ። ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይተርካል፣ ሌሎቹ ተዋጊ ወይም ካህን ወይም ጠቢብ ሆነው ዳይ እየጣሉ ይከተሉታል። በጨዋታው ውስጥ ሊች የሚባል አለ። ሞቶ መቀበርን እምቢ ያለ ብርቱ አስማተኛ ነው። ሰውነቱን ቢቆራርጡት ትርፍ የለውም፤ ነፍሱን በአንድ ዕቃ ውስጥ ደብቋልና ያ ዕቃ ተገኝቶ እስኪሰበር ድረስ ተመልሶ ይነሣል። ወጣቱ ከጸሎት በኋላ ይህን አጫወተንና፣ “በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ነበር ወይ?” አለን።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል፤ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታተመ፣ ሊቹም በዓመቱ ገባበት። በዚያ አገር ያሉ ክርስቲያኖች በ1980ዎቹ ሰይጣናዊ ነው፣ አይደለም እያሉ ብዙ ተከራክረውበታል፤ እኛ ወደዚያ አንገባም። ትኩረታችንን የሳበው የዕቃው ስም ነው። ፊላክተሪ ይሉት ነበር። በማቴዎስ 23፥5 የሚገኘው የግሪክ ቃል ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አሸንክታብ ይለዋል። ክታብን ደግሞ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም።

ለወጣቱ የሰጠነው መልስ፣ “አዎ፣ ሙታን የሚፈሩበት ዘመን ነበር፤ አስማተኛ መሆን እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር” የሚል ነው። በዓባያ ሐይቅ ምዕራብ፣ በብርብርና በዙሪያዋ ሙዝ እያለማን የምንኖር ብዙዎቻችን የዘር ሐረጋችን ከጋሞ ደጋ ነው። በዚያ ደጋ ሰው ሲሞት ከቤቱ አይወጣም ነበር። አባት ከተቀበረ በኋላም ልጆቹን ይጠብቃል፣ ይቆጣልም። ወግ የጣሰ ሰው ጎሜ አለበት ይባላል፤ ጎሜ ደግሞ በጣሹ ላይ ብቻ አይቀርም። ላም ትነጥፋለች፣ ሚስት ትመክናለች፣ ዝናብ ይቀራል፣ ሕፃን ይታመማል። ያን ጊዜ ወደ ጠንቋዩ ይኬዳል። ጠንቋዩ የሚነግረው ስለ በሽታው አይደለም፤ የተጣሰው ወግ የትኛው እንደሆነ፣ መሥዋዕት የቀረበት አባት ማን እንደሆነ ነው። በግ ይታረዳል፣ ይመሰገናል፣ ለጊዜው ይረጋጋል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሕፃን ይታመማል።

መሥዋዕቱን ማንም ተነሥቶ አያቀርብም። ለቤተሰቡ አባት፣ ለጎሣው ባይራ የሚባለው የበኩር መስመር ታላቅ፣ ለአገሩ ደግሞ ካዎው ያቀርባል። ታናሹ ያለ ታላቁ ወደ አባቶቹ መድረሻ የለውም። ይህን ካላስተዋልን በኋላ የሆነውን ነገር ክብደት አንረዳውም።

ክርስትና በዚህ ምድር እንግዳ እንዳልነበረ መናገር ተገቢ ነው፤ በተራራዋ ላይ ያለችው ብርብር ማርያም ከእኛ አጥቢያዎች ሁሉ በብዙ ትቀድማለች። ነገር ግን በመንደሩ ያለው ሕዝብ በአብዛኛው ከጎሜው ጋር ነበር። ሚስዮናውያን ከመምጣታቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ኤሳ ላሌ የሚባል ሰው ከጋሞ ተነሣ። ጋሞን፣ ወላይታንና አጎራባች አገሮችን እየዞረ፣ ለጻላሄ፣ ማለትም ለመናፍስት፣ መሠዋት እንዲቀር፣ ሰው ሁሉ ሰማይን ወደ ፈጠረው አንድ አምላክ እንዲጸልይ አስተማረ። በጸሎት ጊዜ ጣትን ማር ውስጥ ነክሮ ወደ ሰማይ መርጨት ነበር ሥርዓቱ። በግም የለ፣ ባይራም የለ፤ ድኻም ታናሽም ይችለዋል። ባለ ሥልጣናቱ የሕዝቡን ብዛት ፈርተው አሰሩት። ኤሳ ወንጌልን አልሰማም፤ እኛም ሐዋርያ አናደርገውም። ሆኖም ብዙ ሽማግሌዎች የወንጌሉን ቃል ሲሰሙ ትዝ ያላቸው እርሱ ነበር።

በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልንጀሮቹ ሶዶ ደረሱ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት 48 ብቻ ነበሩ። ማንበብ የሚችሉት ጥቂት፣ በእጃቸው ያለው መጽሐፍም ጥቂት ነበር። እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ጦርነቱ አብቅቶ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። የወላይታ ወንጌላውያንም ድንበር ተሻግረው ወደ ጋሞ ወጡ፤ ቋንቋው ተቀራራቢ ስለሆነ አስተርጓሚ ብዙም አላስፈለጋቸውም።

እነዚህ ሰዎች ከሙታን ኃይል ጋር እንዴት ተጋጠሙ? የሚበልጥ ድግምት ይዘው አልመጡም። የትኛው አባት እንደተቆጣ ለማወቅም አልመረመሩም። ያመነው ሰው የመሥዋዕት ዕቃውን አውጥቶ ያቃጥላል፤ በሐዋርያት ሥራ 19 የኤፌሶን ሰዎች ዋጋው 50 ሺህ ብር የሆነ የአስማት መጽሐፍ እንዳቃጠሉ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከባዱ ነገር ይመጣል፤ ከባዱ መጠበቅ ነው። መሥዋዕቱ ቀርቷል፤ ሕፃኑ ሲያስለው፣ ዝናቡ ሲዘገይ ጎረቤት ሁሉ ያያል። ያመነው ሰው ባይራ ከሆነማ መከራው እጥፍ ነበር፤ ታናናሾቹ ሁሉ፣ “አንተ ካልሠዋህልን ማን ይሠዋልናል? ልጆቻችንን ልትገድል ነው” ይሉታል። በእንባ የሚለምን ወንድም ከሚሳደብ ጠላት ይከብዳል። ጉባኤው ተሰብስቦ ከዚያ ቤት ጋር ያድር፣ ይጸልይ ነበር። የታመመው አንዳንዴ ዳነ፣ አንዳንዴም ሞተ፤ ቀብረውትም ወደ ጠንቋዩ አልሄዱም። ለእኛ ከተአምራቱ ይልቅ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው።

ሳኦል ይህን አልቻለም። መናፍስት ጠሪዎችን ከምድሩ ያባረረ እርሱ ራሱ ነበር፤ ፍልስጥኤማውያን ሲከብቡትና ከሰማይ መልስ ሲታጣ ግን ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሄደ (1ኛ ሳሙኤል 28)። የሞተው ሳሙኤልም በሕይወት ሳለ የነገረውን ፍርድ ደገመለት።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለጨዋታ አይደለም። በቅርብ ጊዜ አንድ የነጻ መውጣት ጉባኤ ላይ ተገኝተን ነበር። በመግቢያው ቅጽ ታደለ። የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም፣ በእናት በኩልም እንዲሁ፤ ከጎኑ እያንዳንዱ ምን እንዳመለከ፣ የት እንደሠዋ፣ ምን ቃል ኪዳን እንደገባ ይሞላል። የትውልድ እርግማን ከሥሩ ካልታወቀ አይሰበርም ተባለ። ወጣቶቹ ስልክ እየደወሉ አክስቶቻቸውን ይጠይቁ ጀመር። አጠገባችን የተቀመጡ ከደጋ የወረዱ አዛውንት ቅጹን ባዶውን መለሱ። አስተናጋጁ ምክንያቱን ሲጠይቃቸው፣ “ልጄ፣ ይህንኑ ጥያቄ ጠንቋዩም ጠይቆኝ ነበር” አሉት።

የአባቶች ኃጢአት በልጆች ቤት ጠባሳ መተዉን አንክድም፤ የሰካራም ልጅ ያውቀዋል። ነገር ግን ሕዝቅኤል 18 ስለ መራራው የወይን ፍሬ የሚባለውን ተረት ከእስራኤል አንሥቶታል፤ ዕብራውያን 2፥14-15ም ሞትን በመፍራት ባሪያ የነበሩት በክርስቶስ ሞት ነጻ እንደወጡ ይናገራል። በጨዋታው ውስጥ የተደበቀውን ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ግዴታ ነው። ሽማግሌዎቻችን ፍለጋውን ትተውት ነበር።

አዛውንቱ ከምሳ በኋላ ወደ ጉባኤው አልተመለሱም። ስንወጣ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ከሁለት ወጣቶች ጋር ሲያወሩ አገኘናቸው። ወጣቶቹ ቅጻቸው ገና በእጃቸው ነበር፤ እርሳቸው የሚያጫውቷቸው አባታቸው መሠዋት ያቆሙበትን ዓመትና በዚያ ክረምት የሞተችባቸውን እህታቸውን ነበር።