መጽሐፉን ማን መረጠው? የቤተ መጻሕፍት ክምችት ታሪክ በኢትዮጵያ



ስለ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሕንፃው፣ ስለ መሥራቹና ስለ ተመረቀበት ቀን ነው። የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ያነሰ ስለሚመስል ጉዳይ ነው፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው መጽሐፍ በማን ውሳኔ እዚያ ደረሰ? የሌለውስ በማን ውሳኔ ቀረ?

ከመቅደላ ልጀምር። ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው እጅግ ብዙ የብራና መጻሕፍት አከማችተው ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከጎንደር አድባራት የመጡ ናቸው፤ አመጣጣቸውም በአድባራቱ ፈቃድ አልነበረም። የዚያ ክምችት የመጀመሪያው መራጭ እንግዲህ ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ ሁለተኛው መራጭ ደረሰ። ሪቻርድ ሆምስ የተባለው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ከጦሩ ጋር የዘመተው ለዚሁ ሥራ ነበር። ከወታደሮች እጅ እየገዛ፣ ኋላም በደላንታ ሜዳ በተካሄደው ጨረታ እየተጫረተ ለመሥሪያ ቤቱ ሰበሰበ። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለንደን ገቡ። ከቀሩት ውስጥ ብዙዎቹ ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ ለጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተሰጡ። ዛሬ የኢትዮጵያን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ለንደን ሄዶ የሚያነበውንና ትግራይ ሄዶ የሚፈልገውን የለየለት፣ ጦሩ ለመመለስ በሚቸኩልባቸው ጥቂት ቀናት ውስጥ የተደረገ ምርጫ ነው።

ለርእሳችን የበለጠ የሚጠቅመን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። መጽሐፉ የሀገሪቱን ሕግ፣ የሹማምንቱንና የአድባራቱን ስም የያዘ በመሆኑ፣ ያለ እርሱ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው ገለጹ። ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጡ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሩት፤ ስለዚህም አንዱን ለመመለስ ተስማማ። ከመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት በዚያ ዘመን የመመለስ ዕድል ያገኘው ይህ አንድ መጽሐፍ ሲሆን፣ መንገዱን ያቀለለለትም ድርብ ቅጂ ያለው ሆኖ መገኘቱ ነበር።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። ድርብ ቅጂ ማለት የኅትመት ዘመን ሐሳብ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት አንድን መጽሐፍ ሺህ ጊዜ ቢያትም አንዱ ለሌላው ምትክ ይሆናል። በብራና ዓለም ግን እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ጸሐፊ፣ የራሱ ባለቤት፣ በኅዳጉ ላይ የተመዘገበ የራሱ ታሪክ አለው፤ የርስት ስጦታ፣ የሙግት ፍርድ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር ሳይቀር ይጻፍበታል። ዐፄ ዮሐንስ የፈለጉትም የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ጥራዝ ውስጥ የተጻፈውን የሀገር መዝገብ ጭምር ነበር። ሙዚየሙ ለኅትመት የሚሠራ ደንብ ለብራና ተጠቀመ። ለእኛ እንዳጋጣሚ ጠቀመን እንጂ ደንቡ ትክክል ስለነበረ አይደለም።

የእኛ ስሕተት የዚህ ግልባጭ ይመስለኛል፤ ለብራና የሚሠራውን ደንብ ለኅትመት ተጠቅመናል። በገዳማቱ መጽሐፍ የሚቀመጠው በዕቃ ቤት ነው። ከመስቀሉና ከጽናጽሉ ጋር ተቆጥሮ፣ በዕቃ ቤት ጠባቂው ኃላፊነት ሥር። መጽሐፍ ከጠፋ ምትክ የለውምና ጠባቂው መጠንቀቁ፣ ለሁሉም ሰው አለማውጣቱ ተገቢ ነበር። በሌሊት የተቃጠለ አንድ ዕቃ ቤት ምን ይዞ እንደሚሄድ ታሪካችን በሚገባ ያውቃል።

በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ሲቋቋም ሁለት ሥራ በአንድ ቤት ገባ። የመጀመሪያው የሀገርን ጽሑፍ ለዘለዓለም ማቆየት ነው፤ ሁለተኛው ለከተማው አንባቢ የሚነበብ መጽሐፍ ማቅረብ ነው። (የአዲስ አበባ ሰው «ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን ትቶ ቤቱን «ወመዘክር» ብሎ መጥራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ«እና» የሚጀምር የቤት ስም ሌላ ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ። የቀረውም ስም የንባቡ ሳይሆን የመዝገቡ ነው።) እነዚህ ሁለት ሥራዎች የሚጠይቁት ጠባይ ተቃራኒ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ምንም መጣል የለበትም፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ መጣል ካልቻለ ይታነቃል።

በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 50 በሀገር ውስጥ ከሚታተመው ጽሑፍ ቅጂ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ገቢ እንዲሆን ደነገገ፤ ይህ ኃላፊነት ኋላ በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 179 ወደ ተቋቋመው የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ድርጅት ተላለፈ። የዚህ ዓይነቱ ሕግ ትልቅነቱ አለመምረጡ ነው። የሰርግ መጥሪያ የመሰለች ቀጭን መጽሔትና ወፍራም መዝገበ ቃላት በእኩል ይገባሉ፤ የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የወደፊቱ ተመራማሪ ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያው ዘመን ወጣቱ እየተቀባበለ የሚያነባቸው ዴሞክራሲያንና መሰሎቿን የመሳሰሉ የድርጅት ልሳናት ነበሩ። በሕቡዕ የተባዛ ወረቀት ሕግ አክብሮ በመንግሥት መዝገብ ቤት ደጃፍ አይቆምም። ስለዚህ ሁሉን እንዲሰበስብ የታወጀ ሕግ እንኳ የሚሰበስበው ፈቃድ ያገኘውን ነው።

የከተማና የአውራጃ ቤተ መጻሕፍት ግን እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራቸውም፤ የግዢ በጀታቸውም ምንጊዜም ጠባብ ነበር። መደርደሪያቸውን የሞላው በአብዛኛው ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ የሰጪውን ምርጫ ይዞ ይመጣል። በደርግ ዘመን የሞስኮው ፕሮግረስ አሳታሚ የማርክስንና የሌኒንን ሥራዎች በአማርኛ ሳይቀር እያተመ ይልክ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ተራው የምዕራባውያን በጎ አድራጊዎች ሆነ፤ ከውጭ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎታቸው አብቅቶ የተሰናበቱ መጻሕፍት በካርቶን መጡ። በአንድ የክልል ከተማ ቤተ መጻሕፍት የፖለቲካል ኢኮኖሚ ጥራዞችና የአንድ ባዕድ ሀገር የግብር ሕግ መማሪያ ጎን ለጎን ተደርድረው አይቻለሁ። ሁለቱም አዲስ ነበሩ፤ ማንም አልገለጣቸውም። በር ላይ ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ የሒሳብ አጋዥ መጽሐፍ ለአራት ይዘው ቆመው ነበር።

ኃላፊውን «ለምን አታነሷቸውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፤ «በሞዴል 19 የገቡ ናቸው።» የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ንብረት እንዲሁ አይወገድም። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ቆጠራ ሲመጣ የጎደለው በስም ይጠየቃል። ወንበርን ለመጠበቅ የወጣ ሥርዓት ለመጽሐፍ ሲውል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውን መልሶ ዕቃ ቤት ጠባቂ ያደርገዋል። ጠባቂው የሚመሰገነው መጽሐፍ ባለመጥፋቱ ነው፤ ባለመነበቡ የሚወቅሰው የለም። ኃላፊውን አልፈርድባቸውም፤ እኔም በቦታቸው ብሆን ከደመወዜ እንዳይቆረጥ እፈራ ነበር።

ከዚህ ወጣ ያለ አንድ ምሳሌ አለን። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ያለ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የያዙት በ19 ዓመታቸው እንደነበር ተናግረዋል። ተሰደው አሜሪካ ከገቡ በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሠሩ። በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ገዝተው ክምችቱን እንዲያዳብሩ ሥራ ሲሰጣቸው፣ ከሀገራቸው የሚገዛ አጡ። መደርደሪያ ነበረ፣ ገንዘብ ነበረ፣ መጽሐፉ ግን አልነበረም። ስለዚህ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈው አሳተሙ፤ ከጓደኞቻቸው ጋር ያቋቋሙት ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅትም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። እዚያም ቢሆን መደርደሪያውን መጀመሪያ የሞላው ከአሜሪካ በስጦታ የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ልዩነቱ ድርጅቱ ስጦታውን እንደ መነሻ ይዞ በልጆቹ ቋንቋ ወደ ማሳተም መሄዱ ነው። አንባቢው የሚፈልገው በገበያ ከሌለ፣ መጽሐፍ መምረጥ ማለት መጽሐፍ እንዲጻፍ ማድረግ ይሆናል።

በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲታሰብ ይህ ጉዳይ እንደገና ፊታችን ይቆማል። ሰፊ መደርደሪያ አለው፤ መጻሕፍት እንዲለገሱለትም ለሕዝቡ ጥሪ ተደርጓል። ሕዝቡ መለገሱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የማይፈለግ ስጦታን በአክብሮት የሚመልስ የጽሑፍ መመሪያ የሌለው ቤተ መጻሕፍት፣ የሰዎችን ቤት ጽዳት ውጤት መቀበሉ አይቀርም። ሰው ከቤቱ የሚያወጣው የሚወደውን መጽሐፍ አይደለምና። እኔም ብሆን ስሰጥ የማያነበኝን ነው የምሰጠው፤ ልናገረው ያሳፍረኛል እንጂ።

የዚህ ክፍል ምሩቃን ነገ በየከተማው ቤተ መጻሕፍት ትመደባላችሁ። በጀት ላይኖራችሁ ይችላል፤ የንብረት ደንቡንም በአንድ ዓመት አትቀይሩትም። አንድ ደብተር ግን መግዛት ትችላላችሁ። ገቢ የሆነው መጽሐፍ የሚመዘገብበት መዝገብ በየቤቱ አለ፤ አንባቢ ጠይቆ ያላገኘው መጽሐፍ የሚጻፍበት ግን በጎበኘኋቸው ቤቶች አልገጠመኝም። ቀኑን፣ የተጠየቀውን መጽሐፍ ወይም ርእስ፣ የተጠየቀበትን ቋንቋ፣ የጠያቂውን ዕድሜ ጻፉበት። ለጋሽ ካርቶን ጭኖ በመጣ ቀንም፣ ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት፣ ያንን ደብተር ከካርቶኑ አጠገብ ዘርጉት።