«ነጂ» ማን ነው? ከላቪንግተን የተነሣ የአንድ ቃል ታሪክ

በናይሮቢ ምዕራባዊ ክፍል፣ በላቪንግተን ሰፈር፣ መኪና የሚነዳው ሰው በአራት ስም ሲጠራ ይሰማል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ድራይቨር»፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው «ዴሬቫ»፣ ኪኩዩ ተናጋሪው «ንዴሬባ»፣ በከተማዋ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ደግሞ «ሹፌር» ይለዋል። ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች ሲሆኑ አራተኛው ግን ከሌላ ቤት የመጣ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣና በትርጉም ሥራ ላይ ምን እንደሚያስከትል ማሳየት ነው።

የእንግሊዝኛው ግስ በጥንት አገባቡ ከብትን ከኋላ ሆኖ ማስኬድን ያመለክት ነበር። ከግሱ የወጣው ስም ከእረኛው ወደ ጋሪ ነጂው፣ ከዚያም ወደ ባቡርና መኪና ነጂው ተሻገረ። በአሜሪካና በካሪቢያን እርሻዎች ባሮችን በጅራፍ የሚያሠራው አለቃም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ ቃሉ የጎልፍ ዱላን፣ የኮምፒውተርን ክፍል ከሥርዓቱ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራምንና የአንድ ክስተት ገፊ ምክንያትን ጭምር ይሰይማል። በላቪንግተን ያለው «ሙታንጋሪ ድራይቭ» የተባለው የመንገድ ስምም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው።

ቃላቱ የገቡባቸው በሮች የተለያዩ ናቸው። ከሞምባሳ የተነሣው የእንግሊዞች የባቡር ሐዲድ በ1899 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ደረሰ፤ የመንገዱም የቢሮውም ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ግን በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገባ ፈረንሳይኛን ይዞ ነበር፤ «ለገሃር» የሚለው ስም ለዚህ ምስክር ነው። «ሹፌር»ም የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ የመነሻ ፍቺው የእንፋሎት ሞተርን እሳት እያነደደ የሚያሞቅ ሠራተኛ ማለት ነው።

አቀባበላቸውም ይለያያል። ስዋሂሊ የተደራረቡትን ተነባቢዎች በአናባቢ ለይቶ «ዴሬቫ» አለ፤ በብዙ ቁጥርም «ማዴሬቫ» አደረገው። ይሁን እንጂ ግስ አላወጣለትም፤ ለድርጊቱ «መሄድ» ከሚለው ሥር የተገኘውን «ኩዌንዴሻ»፣ ማለትም «ማስኬድ»ን ይጠቀማል። አማርኛ ግን እንግዳውን ስም እንደ ራሱ ሥር ቆጥሮ በንግግር «ሾፈረ፣ ይሾፍራል፣ መሾፈር» እያለ አርብቶታል።

ከዚህም በላይ አማርኛ ሥራውን ለሦስት ቃላት አከፋፍሏል። «ሹፌር» በአብዛኛው ሙያንና ተቀጣሪነትን ያስታውሳል። «አሽከርካሪ» የመንኰራኵርን መሽከርከር መሠረት ያደረገ የሕግ ቃል ነው፤ ዛሬ በሌላ ዐዋጅ የተተካው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ዐዋጅ ቁጥር 600/2000 የጸናው በእርሱ ነበር። «ነጂ» ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው ከከብት ወደ መኪና የተሻገረ ነው፤ ከብትም ምርኮም መኪናም ይነዳል።

ችግሩ የሚፈጠረው በዚህ ላይ ነው። ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ በደላላ እጅ የተጓዘ ሰው ቃሉን ሲሰጥ «የነዳን ሰው እርሱ ነው» ቢል፣ በአማርኛ ተሳቢው «እኛ» ነው፤ ሰውዬው በእግር እንደ ከብት እያዋከበ የወሰዳቸው ሊሆን ይችላል። «መኪናውን የነዳው» ቢል ግን ተሳቢው መኪናው ነው። አስተርጓሚው ሁለቱንም «ድራይቨር» ብሎ ቢያልፍ ተሳቢው ይጠፋል፤ አዋካቢው ተራ ሹፌር ይሆናል፤ ወይም ደመወዝ ተከፍሎት መሪ የጨበጠው ሰው የሌላውን ጥፋት ይሸከማል። በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ይህ የአንድ ሰው ነጻነት ጉዳይ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫም ስሕተቱ ይደገማል። በጥናቶች ውስጥ ለግጭት መነሻ የሚሆኑትን ነገሮች ለማመልከት የገባው እንግሊዝኛ ቃል «የግጭት አሽከርካሪዎች» ተብሎ ቢተረጐም፣ አንባቢው ምክንያትን ትቶ ሰው ይፈልጋል። «ገፊ ምክንያት» ቢባል ይበቃል። ብሎን መፍቻውንም ስዋሂሊ «ቢሲቢሲ»፣ አማርኛ ከኢጣሊያንኛ ወስዶ «ካቻቢቴ» ብለውታል፤ ሁለቱም የነጂን ስም አላስፈለጋቸውም።

እንግዲህ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ከስሙ በፊት ግሱን ከነተሳቢው ሊመዘግብ ይገባል። «ነጂ» ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው ምን እንደ ነዳ ሲነገር ነውና።