የድረ ገጹ ፋይል የት ሄደ?

ቲም በርነርስ ሊ በ1990 (እዚህ የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን የምርምር ማእከል የመጀመሪያውን የድር ማሰሻ ሲሠራ፣ ማሰሻው መጻፊያም ነበር። ገጹን ከፍቶ ማረም፣ ሴቭ ማድረግ፣ በቃ። ነገር ግን አዲሱ አሮጌውን እየደመሰሰ ይቀመጥ ነበርና፣ ሰርን በ2013 የዓለምን የመጀመሪያ ድረ ገጽ ወደ ቀድሞ አድራሻው ሲመልስ ያቀረበው የ1992ቱን ቅጂ ነው።

ከዚያ የመጡት መሣሪያዎች፣ የአዶቤ ፔጅሚል፣ ማይክሮሶፍት በ1996 ከነድርጅቱ የገዛው ፍሮንትፔጅ፣ በ1997 የወጣው የማክሮሚዲያ ድሪምዊቨር፣ አንድ ትልቅ በጎነት ነበራቸው፦ ሥራው የሚቀመጠው በሠሪው ኮምፒውተር ላይ፣ በአንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ሲያልቅ በኤፍቲፒ ወደ ሰርቨር ይጫናል። ባክአፕ ሳይታሰብ ይገኛል፤ አንዱ ቅጂ ቤት፣ ሌላው ሰርቨር ላይ። ፍሮንትፔጅ ግን ጣጣ ነበረበት። መጠይቅ መሙያውና ጎብኚ መቁጠሪያው እንዲሠሩ ሰርቨሩ የማይክሮሶፍትን ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ስለነበረበት፣ ፎልደሩን ይዞ ወደ ሌላ መዛወር ብቻውን አይበቃም።

በእኛ በኩል ደግሞ ፋይሉ እያለ ጽሑፉ የሚጠፋበት መንገድ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ገጾች የሚጻፉት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ሲሆን፣ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ኮድ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየው ዝብርቅርቅ ነው።

ፋይሉ ከሠሪው እጅ መውጣት የጀመረው በነጻ መስተንግዶ ነው። ጂኦሲቲስ ሰዉ ገጹን እዚያው በማሰሻ ሠርቶ እዚያው እንዲተወው አስለመደ። ያሁ በ1999 ገዛው፤ በጥቅምት 2009 ዘጋው። አርካይቭ ቲም የተባሉ በጎ ፈቃደኞች ባይሯሯጡና የቻሉትን ያህል ባይገለብጡ ኖሮ የሚተርፈው ዛሬ ካለውም ባነሰ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአፕል አይዌብ ነው። በ2006 ሲወጣ ለዓይን የሚማርክ፣ ለእጅ የሚቀል ነበር። ተጠቃሚው የሠራቸው ድረ ገጾች በሙሉ ግን ላይብረሪ በሚባለው ፎልደር ውስጥ በተደበቀ፣ ዶሜን በሚባል አንድ ፋይል ይቀመጡ ነበር። አይዌብ ወደ ድር የሚያወጣውን ኤችቲኤምኤል መልሶ መክፈት አይችልም። እናም ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ገጹ ድር ላይ እንዳለ ይነበባል፤ አንዲት ቃል ለማረም ግን ባለቤቱም አቅም የለውም። አፕል የአይዌብ ገጾችን ያስተናግድበት የነበረውን ሞባይልሚ የተባለ አገልግሎቱን በሰኔ 2012 ሲዘጋ እዚያ የነበሩት ገጾችም ወረዱ።

ዛሬ ሴቭ የሚለውን የሚጫን ሰው ብዙ የለም፤ ዊክስና ዌብፍሎው በየቅጽበቱ ራሳቸው ያስቀምጣሉ፤ የቀድሞ እትሞችንም ያቆያሉ። ምቾቱን አልክድም። ግን የሚያስቀምጡት በራሳቸው ቤት ነው። ዊክስ ላይ የተሠራ ገጽ ወደ ሌላ ሰርቨር ተነቅሎ አይሄድም። ዌብፍሎው ኮዱን ለከፋይ ደንበኛ ይሰጣል፤ የመጠይቅ መሙያው ግን ከወጣ በኋላ አይሠራም። ነጻነቱ የሚወደስለት ዎርድፕረስ እንኳ ኤክስፖርት ሲደረግ በሚወርደው ፋይል ውስጥ ጽሑፉ እንጂ ፎቶዎቹ የሉም፤ ያለው የፎቶዎቹ አድራሻ ነው። አሮጌውን ሰርቨር ቀድሞ የዘጋ ሰው ጽሑፉን ይዞ ፎቶዎቹን ያጣል።

የአቅራቢው ባክአፕም ዋስትና አይሆንም። መጋቢት 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች የመረጃ ማእከል ሲቃጠል፣ ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ባክአፑንም አጡ። የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫው ጊትላብም በ2017 አንድ ሠራተኛው የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች በስህተት ሲሰርዝ፣ ከተዘረጉት አምስት የባክአፕ መንገዶች አንዱም እንደታሰበው አልሠራም።

ስለዚህ ድረ ገጽ ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት የሚወጣውን ያህል ኤክስፖርት አድርጉ። የወረደውንም ፋይል ገጹን ከሠራችሁበት ድርጅት ውጭ ክፈቱትና ፎቶዎቹ መኖራቸውን አረጋግጡ።