ከእንዶድ አረፋ እስከ ሙል ያላቸው ፖሊመሮች

የፋብሪካ ሳሙና ከመስፋፋቱ አስቀድሞ፣ እንጅባራንና ዳንግላን በመሳሰሉ የአዊ አካባቢዎችም ሆነ በሌላው የሀገራችን ደጋ ጋቢና ነጠላ የሚነጻው በእንዶድ ነበር። ተወቅጦ በውኃ የተመታው ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። የሳፖኒን ሞለኪውል አንዱ ወገን ውኃን፣ ሌላው ወገን ቅባትን ይስባል፤ እድፍን ከልብስ የሚያላቅቀውም ይኸው ጠባይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አስተዋሉ። ለበሽታው መተላለፍ ምክንያት የሆነው ቀንድ አውጣ በማጠቢያ አረፋ ይሞት ነበር ማለት ነው። ለዚህ ሥራቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ሳፖኒን በእንስሳት የህዋስ ሽፋን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ያፈርሳል። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ግን ኮሌስትሮል የላቸውም፤ እነርሱን ለማጥቃት ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። መንገዱን ያመለከተው ጀርመናዊው ሐኪም ጌርሃርድ ዶማክ ነው፤ በ1935 ኳተርናሪ አሞኒየም የሚባሉ ውህዶች ጀርም ገዳይ መሆናቸውን አሳወቀ። የባክቴሪያ ገጽ አሉታዊ ሙል ስላለው፣ አወንታዊ ሙል የተሸከመው ውህድ ወደ እርሱ ይሳባል፤ ቅባት ወዳዱ ጭራውም ሽፋኑን ሰንጥቆ የህዋሱን ይዘት ያፈስሳል።

ኡልሪክ ስትራውስ በ1951 እነዚህን ጠባዮች በረጅም የፖሊመር ሰንሰለት ላይ አያይዞ «ፖሊሶፕ» የተባሉትን ውህዶች አስተዋወቀ። በውኃ ውስጥ ሰንሰለቱ ሲጠቀለል ቅባት ወዳዱ ክፍል ወደ ውስጥ፣ ሙሉ ወደ ውጭ ይሆናል። በዚህ ጠባብ ስፍራ ንጥረ ነገሮች ሲሰባሰቡ ኬሚካዊ ለውጡ ይፋጠናል፤ ኢርቪንግ ክሎትዝና ባልደረቦቹ በ1971 ከፖሊኤቲሊንኢሚን የሠሯቸው ፖሊመሮች እንደ ኢንዛይም ሲያገለግሉ አሳይተዋል። አወንታዊ ሙል በብዛት የተሸከመ ሰንሰለት ባክቴሪያውን በብዙ ነጥብ ይይዛል፤ ለቁስል ማጠቢያ የሚውለው ፖሊሄክሳኒድ ከዚህ ወገን ነው።

ይህ ታሪክ ለሕክምና ክፍሎቻችን አንድ ቁም ነገር ይነግረናል። በሳቭሎን ውስጥ የሚገኙት ሴትሪማይድና ክሎርሄክሲዲን አወንታዊ፣ ተራ ሳሙና ደግሞ አሉታዊ ሙል አላቸው። ሁለቱ በአንድ ሳህን ሲገናኙ እርስ በርስ ተያይዘው ኃይላቸው ይከሽፋል። ውኃው አረፋ ቢያወጣም ጀርም የመግደል አቅሙ ተዳክሟል፤ ባለሙያው ይህን በዓይኑ አይቶ ሊያውቀው አይችልም። እንዲሁም ተበርዞ ለብዙ ቀናት የቆየ ውህድ ሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ ሊያራባ ይችላል።

ስለዚህ በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ፣ ቁስል አጣቢው ባለሙያ አስቀድሞ በሳሙና አጽድቶ፣ ሳሙናውን በንጹሕ ውኃ ፈጽሞ አለቅልቆ፣ ከዚያ በኋላ በዕለቱ የተበረዘውን ጀርም ገዳይ ይጠቀም። እንዶድ ያስተማረን፣ ማጽዳትና መግደል የተዛመዱ ሥራዎች መሆናቸውን ነው፤ ዶማክ ያስተማረን ደግሞ፣ የሁለቱን ኃይል ሙል እንደሚወስነው ነው።