ግራዋ በቦርከና ሸለቆ

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ የተቈረቈረች ስትሆን፣ ወንዙ ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ የጨፋን ረግረግ ካራሰ በኋላ ከጃራ ጋር ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በዚህ ሸለቆና በዙሪያው ባሉ ተዳፋቶች፣ በወንዝ ዳር፣ በገደል አፋፍና በጫካ ጠርዝ ከጥንት ጀምሮ ከሚበቅሉት የዱር ዕፅዋት አንዱ ግራዋ ነው፤ በኦሮምኛ ኢቢቻ ይባላል። ግራዋ ከኑግ፣ ከሱፍና ከአደይ አበባ ጋር የአስተር ቤተሰብ አባል ነው፤ በዚህ ቤተሰብ አንድ አበባ መስሎ የሚታየው በእርግጥ በአንድ ራስ ላይ የታጨቁ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ሲሆን፣ የግራዋ ራሶች ግን እንደ አደይ አበባ ዙሪያቸውን በሰፋፊ የአበባ ቅጠሎች አይከበቡም፣ ነጫጭና ደቃቅ ሆነው በበጋ ይፈካሉ፤ ሌላው አበባ በሚመናመንበት ወቅትም ለንብ ቀለብ ይሆናሉ።

ኑግ በየዓመቱ ተዘርቶ የሚታጨድ ሲሆን ግራዋ ግን ብዙ ዓመት የሚኖር፣ ቢቈረጥ ከጉቶው ዳግም የሚያቈጠቍጥ፣ ቅርንጫፉ በእርጥብ አፈር ቢተከል ሥር የሚያወጣ ቍጥቋጦ ነው። ከወንዝ ዳር ወደ ጓሮ አጥር የተሻገረውም በዚህ ጠባዩ ነው፤ ደኑ እየተመነጠረ ወደ እርሻ ሲለወጥ ብዙው የዱር ዛፍ ሲጠፋ፣ ግራዋ ግን ለአጥር፣ ለማገዶ፣ ለከብት መኖና ለመድኃኒት ስለሚፈለግ በሰው እጅ ተጠብቆ ቈየ። ሳሙና በየገበያው ከመዳረሱ በፊት ጠላ የሚጠምቁ ሴቶች ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው ያጥቡ ነበር፤ ቅጠሉ በውኃ ሲታሽ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ልማዱ ዛሬም አልጠፋም። ይህን ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩት ሴቶች በጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ተገቢውን ቦታ አለማግኘታቸው የሚያስቈጭ ነው።

ተክሉ በአውሮፓ ሳይንስ መዝገብ የገባው ዘግይቶ ነው። ፈረንሳዊው ተጓዥ ፍሬደሪክ ካዮ በሱዳን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ በተጓዘ ጊዜ ከሰበሰባቸው ዕፅዋት መካከል ነበርና፣ የዕፅዋት ሊቁ ደሊል እ.ኤ.አ. በ1826 ቬርኖኒያ አሚግዳሊና ሲል ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ኬሚስቶች ከቅጠሉ ቬርኖዳሊን የተባለ መራራ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚደንቀው ግን በታንዛኒያ የማሃሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1987 የታየው ነው፦ የታመመች የምትመስል ቺምፓንዚ የግራዋን ግንድ ልጣ ውስጡን ስታኝክና መራራውን ጭማቂ ስትውጥ ተመራማሪው ማይክል ሀፍማን ተመለከተ፤ በአካባቢው የሚኖሩት የቶንግዌ ሰዎችም ተክሉን ለሆድ ሕመም ይጠቀሙበት ነበር።

በሸለቆው ታሪክ ሌላ ምዕራፍ የከፈተው ከዚሁ ከአስተር ቤተሰብ የመጣ እንግዳ ነው። ከሜክሲኮና ከአካባቢዋ የተነሣው ፓርቴኒየም፣ በብዙ ቦታ ቅንጬ አረም የሚባለው፣ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ታየ፤ አመጣጡ ከእርዳታ እህልና ከጦርነት ተሽከርካሪዎች ጋር ይያያዛል። በመንገድ ዳርና በግጦሽ መሬት እየተስፋፋ ወሎንም አዳረሰ። ፓርቴኒየም በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦና እልፍ ዘር በትኖ የሚሞት በመሆኑ የተገለጠና የታረሰ መሬትን ይወዳል፤ በሥሩና በቅጠሉ በሚያመነጨው ኬሚካልም የሌሎችን ተክሎች እድገት ይገታል፣ የበላው ከብት ወተቱ ይመርራል፣ የሚነካው ሰው ቆዳ ይቈጣል። ግራዋን ያቆየው የሰው ፍላጎት ሲሆን ፓርቴኒየምን የጋበዘው ግን የመሬቱ መራቆት ነው።

ስለዚህ የተራቆተው መሬት እንዲሸፈን በቦርከና ዳርቻና በተዳፋቶቹ ላይ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ የሚሠሩ ሁሉ፣ ከሩቅ የመጣ ችግኝ ከመሻታቸው በፊት፣ በቅርንጫፉ ብቻ የሚጸድቀውን የአገሩን ግራዋ ቢተክሉ ይበጃል።