ከሀሁ እስከ መልእክተ ዮሐንስ፦ ሕፃናት በንባብ ቤት በመጀመሪያው ዓመት ምን ይማራሉ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጅ ትምህርት ቤት ገባ ሲባል ዛሬ ለብዙዎቻችን የሚታየን የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ቦርሳ ያነገተ ሕፃን ነው። በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግን ከዚህ ቀድሞ የነበረ፣ ዛሬም ያልተዘጋ ሌላ በር አለ፤ ይኸውም ንባብ ቤት ነው። የዜማው፣ የቅዳሴው፣ የቅኔውና የመጻሕፍት ትርጓሜው ሊቃውንት ሁሉ የገቡት በዚህ በር ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕፃናት በንባብ ቤት በመጀመሪያው ዓመት ምን እንደሚማሩ፣ ትምህርቱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰጥና ቅደም ተከተሉ ምን ጥቅም እንዳለው እንመለከታለን። በመጨረሻም በዘመናችን ልጆች ላይ ስለሚታየው ጉድለት፣ ፊደል ቆጥሮ ከደጅ ስለ መቅረት፣ እናነሣለን።

ንባብ ቤት እንዴት ያለ ትምህርት ቤት ነው?

ንባብ ቤት የአብነት ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ወላጆች ልጃቸውን ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜው ይዘው ይሄዱና ለመምህሩ፣ ለየኔታ፣ አደራ ይሰጣሉ። ጉባኤው የሚካሄደው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ በጎጆ ወይም በመምህሩ ቤት ደጃፍ ነው።

በዚህ ጉባኤ ሕፃናቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ ትምህርት አይማሩም። አንዱ ሀሁ ሲቆጥር ሌላው አቡጊዳ ይላል፤ ሦስተኛው መልእክት ያነባል፤ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። ቀደም ያለው ተማሪ ለኋለኛው ያስቀጽላል፤ የኔታም የሁሉንም ድምፅ እየሰሙ የተሳሳተውን ያርማሉ። አዲስ የገባው ሕፃን ገና ከመጀመሪያው ፊደል ሳያልፍ የመዝሙረ ዳዊትን ንባብ በየዕለቱ ይሰማል። ስለዚህ ዓይኑ ከመድረሱ አስቀድሞ ጆሮው ይደርሳል፤ በኋላ ዳዊት ሲጀምር ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም።

ፊደል መቁጠር

የመጀመሪያው ትምህርት ፊደል ነው። የግእዝ ፊደላት 26 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ሰባት መልክ አላቸው፤ በጠቅላላው 182 ይሆናሉ። እነዚህም መልኮች ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስና ሳብዕ ይባላሉ። ለአማርኛ የተጨመሩት ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀና ጨ ሲታከሉ ፊደላቱ 33፣ መልኮቻቸውም 231 ይሆናሉ። ከእነዚህም ሌላ እንደ ቈ፣ ኈ፣ ኰና ጐ ያሉት አሉ።

ሕፃኑ የፊደል ገበታውን ከፊቱ አድርጎ በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። እጁ የሚነካውን ዓይኑ ያያል፤ አፉ የሚናገረውን ጆሮው ይሰማል። በዚህ ደረጃ እርሳስና ደብተር የለም። ቁም ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ በመሆኑ ንባብ ቤት በቅድሚያ የሚያስተምረው ማንበብን ነው።

የፊደሉ ትምህርት የሃይማኖት ትምህርትም ነው። አበው ለእያንዳንዱ ፊደል ምሥጢር ሰጥተው አስተምረዋል፤ ሀ የአብን ከዓለም በፊት መኖር፣ ለ የወልድን ከድንግል ሥጋ መልበስ፣ ሐ ስለ እኛ የተቀበለውን ሕማምና ሞት ያስታውሳል። ሕፃኑ ይህን ሁሉ በዚያ ዕድሜው ላይረዳው ይችላል፤ ነገር ግን ፊደልን የሚቀበለው የእምነቱ ምስክር አድርጎ ነው።

በድምፅ የሚመሳሰሉትን ፊደላትም በየስማቸው ይለያል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያለ ይማራል። ይህ ልዩነት በግእዝ ትርጉም ይለውጣል። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌባ የሚሠራውን ሥራ ይናገራል። እንዲሁም ሰአለ ለመነ ሲሆን ሠዐለ ሥዕል ሣለ ማለት ነው። በሕፃንነቱ ስማቸውን ለይቶ ያወቀ ልጅ አድጎ መጻሕፍትን ሲመረምር አይቸገርም።

አቡጊዳ

ማንኛውም ወላጅ እንደሚያውቀው ሕፃን ሀሁን እንደ ዝማሬ በቃሉ ሊወጣው ይችላል። አፉ ሳይሳሳት ይቆጥራል፤ ጣቱ ግን በሌላ ፊደል ላይ ነው። የኔታ ይህን ስለሚያውቁ ልጁን መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ከታች ወደ ላይ ያስቆጥሩታል፤ ከመካከልም አንዱን ፊደል ነክተው ማን እንደ ሆነ ይጠይቁታል። ከዚያ በኋላ ወደ አቡጊዳ ያሸጋግሩታል።

አቡጊዳ የፊደሉ ተራ የተለወጠበት ገበታ ነው። የመጀመሪያው መስመር አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ይላል፤ አ ግእዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ ነው። ሁለተኛው መስመር በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ ብሎ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም መልኩም ስለሚለወጥ የቃል ልማድ አይረዳም፤ ልጁ የግድ ፊደሉን ማየትና ማወቅ አለበት። ስለዚህ አቡጊዳ ፊደልን በእውነት የለየውን በቃሉ ብቻ ከያዘው የሚለይ ፈተና ነው።

የአቡጊዳ ተራ አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንት የሚለውን የጥንት ቅደም ተከተል የተከተለ ነው። ይህንኑ ተራ ልጁ ከጊዜ በኋላ በ22 ክፍሎች በተከፈለው በመዝሙር 118 ላይ መልሶ ያገኘዋል።

መልእክተ ዮሐንስ፦ የመጀመሪያው ንባብ

ፊደልና አቡጊዳን የለየ ሕፃን ወደ መጀመሪያዪቱ የቅዱስ ዮሐንስ ሐዋርያ መልእክት ይሸጋገራል። መልእክቲቱ አምስት ምዕራፎች ብቻ ያሏት ስትሆን ሐዋርያው አንባብያኑን ደጋግሞ ልጆቼ እያለ የሚጠራባት ናት። አጀማመሯም ስለ ሕይወት ቃል፣ ሐዋርያት ስለ ሰሙት፣ በዓይናቸው ስላዩትና በእጃቸው ስለ ዳሰሱት ነው (1ኛ ዮሐ. 1፥1)። ፊደልን በጆሮው ሰምቶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ ለተማረ ሕፃን ከዚህ የሚቀርብ የመጀመሪያ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ንባቡ በደረጃ ይሰጣል። በመጀመሪያ በቁጥር እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው እየተነካ ይነበባል፤ ቀጥሎ በውርድ ንባብ ቃላቱ በዝግታ በተወሰነ ስልት ይባላሉ፤ በመጨረሻም በቁም ንባብ ሳይቋረጥ ይነበባል። በዚህ ጊዜ ልጁ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የግእዝ ንባብ ሥርዓቶች ስማቸውን ከማወቁ በፊት ከየኔታ አፍ ይቀበላል። የትኛው ቃል ተነሥቶ፣ የትኛው ወድቆ እንደሚነበብ ከገጹ ላይ አይታይም፤ በሕያው መምህር ድምፅ ብቻ ይወረሳል።

የቃል ትምህርት

ቀኑ ሲመሽና ገበታው ሲታጠፍ ትምህርቱ አያበቃም። ሕፃናቱ በየኔታ ዙሪያ ተሰብስበው ጸሎት በቃላቸው ያጠናሉ። ከአቡነ ዘበሰማያትና ከበሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ጀምረው ጸሎተ ሃይማኖትን፣ ውዳሴ ማርያምን፣ እየቆዩም መልክአ ማርያምንና መልክአ ኢየሱስን ይይዛሉ። መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት የተያዘው ጸሎት መጽሐፍ በማይገኝበት ቦታ ሁሉ፣ በመንገድ፣ በሕመም፣ በእርጅናም፣ ከሰውዬው ጋር ይኖራል።

ከዚህ ጋር ሕፃኑ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ጫማ ማውለቅን፣ በጸሎት ሰዓት ዝም ማለትን፣ ታላቅን ማክበርንና ከእርሱ ያነሰውን መርዳትን ይማራል።

ለዘገየ ልጅ ትዕግሥት

ሕፃናት ሁሉ እኩል አይፈጥኑም። አንዱ በጥቂት ወራት መልእክት ሲጀምር ሌላው ዓመቱን ሙሉ ከፊደል ላይ ሊቆይ ይችላል። በንባብ ቤት ተራውን ጠብቆ መሄድ እንጂ መዘግየት ነውር አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ይህን ያስተምረናል። በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ቅጣት ሸሸ፤ በመንገድም ዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው የተሳካለትን ትል አይቶ ተመለሰ። ወደ ትምህርቱ የመለሰው ዱላው እንዳልነበረ ልብ ሊባል ይገባል። ልጅን በማስፈራራት ፊደል ማስያዝ ይቻል ይሆናል፤ ጸሎትን እንዲወድ ማድረግ ግን በፍቅርና በትዕግሥት እንጂ በሌላ አይቻልም።

ፊደል ቆጥሮ ከደጅ መቅረት

ዛሬ አብዛኞቹ የከተማ ልጆቻችን በአራት ዓመታቸው መዋዕለ ሕፃናት፣ በሰባት ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ይገባሉ። በአማርኛ የሚማሩት በዚያው ፊደልን ይለያሉ፣ አማርኛም ያነባሉ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ወላጅ ልጄ ፊደል ቆጥሯል ብሎ በዚሁ ሲረካ ትምህርቱ ከደጃፉ ላይ ይቆማል። ልጁ ፊደሉን ሁሉ እያወቀ የዘወትር ጸሎት መጽሐፍ ሲሰጡት በግእዙ ላይ ይሰናከላል፤ በቅዳሴም ሰዓት የሚባለውን መከታተል ይሳነዋል። ቁልፉን ይዞ ከቤቱ ውጭ የቆመ ሰው ይመስላል።

በውጭ ሀገር የሚያድጉት ልጆች ችግር ደግሞ ይብሳል። ፊደልን የሚያዩት በሳምንት አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያን ለጥቂት ሰዓት ነው፤ በዚህ ሳምንት የያዙት በሚቀጥለው ተረስቶ ይገኛል። ዓመት ዓመትን ቢተካም ብዙዎቹ ከሀሁ አያልፉም።

ስለዚህ ወላጆች የሚከተሉትን ቢያደርጉ ይጠቅማል፦

- ልጁ ፊደል ከመጀመሩ በፊት በስመ አብ ብሎ ማማተብንና አቡነ ዘበሰማያትን በቤት ውስጥ አብሮ በመጸለይ ማስያዝ።
- ፊደልን በሳምንት አንድ ቀን ለረጅም ሰዓት ከማስጠናት ይልቅ በየዕለቱ ለጥቂት ደቂቃ፣ ድምፅ እያወጡና በእንጨት እየነኩ ማስቆጠር።
- ሀሁን በቃሉ ስለ ወጣ አወቀ ሳይሉ ከታች ወደ ላይ መጠየቅ፤ ከዚያም አቡጊዳን ማስቆጠር።
- አቡጊዳን ሲለይ ሳይቆዩ መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ ማስጀመር፤ ለዚህም የንባብ ሥርዓቱን የሚያውቅ መምህር መፈለግ።
- በአጥቢያቸው ያሉትን የኔታ መጎብኘትና በኑሯቸው መደገፍ። መምህር ካልኖረ ገበታውም ስንደዶውም ብቻቸውን አያስነብቡም።

ቅዱስ ጳውሎስ ልጁ ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ማወቁን እንደ ትልቅ ሀብት ቆጥሮለታል (2ኛ ጢሞ. 3፥15)። የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረ መሆኑንም መስክሯል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ከየኔታ በፊት በቤት ይጀመራል፤ ፍጻሜውም መልእክቲቱን አልፎ ወደ ዳዊት፣ ከዳዊትም ወደ ዕለት ዕለት ጸሎት መድረስ ነው። ልጆቻችን ከደጅ እንዳይቀሩ እግዚአብሔር አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።