በችግር ላይ የተመሠረተ የሕክምና ትምህርት ምዘና

በችግር ላይ የተመሠረተ የሕክምና ትምህርት ምዘና ማለት በትንንሽ ቡድን ሆነው የሕመምተኛ ታሪክ እየመረመሩ የሚማሩ የሕክምና ተማሪዎች ምን ያህል እንዳወቁና እንዴት እንደሚያስቡ የሚለካበት አሠራር ነው። ቡድኑ አንድ ታሪክ በወረቀት ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ ዕድሜው 50 የሆነ፣ ሌሊት ትንፋሽ የሚያጥረውና እግሩ ያበጠ ሰው። ተማሪዎቹ ምክንያቱን ይገምታሉ፣ የማያውቁትን ይመዘግባሉ፣ ተለያይተው ያነባሉ፣ ተመልሰውም ይወያያሉ። ቱተር የሚባለው መምህር ትምህርት አይሰጥም፤ ውይይቱ መንገዱን እንዳይስት ይከታተላል እንጂ። ምዘናውን አስቸጋሪ የሚያደርገው መልሱ የቡድኑ ሆኖ ሳለ ውጤቱ በየተማሪው ስም መመዝገብ ስላለበት ነው።

አመጣጥ

ይህን የማስተማር ዘዴ በሕክምና ትምህርት የጀመረው በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት፣ ሃሚልተን ከተማ የሚገኘው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በዲን ጆን ኢቫንስ መሪነት የመጀመሪያዎቹን 20 ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ተቀበለ። መሥራቾቹ ፈተና ተማሪን ወደ ሽምደዳ ይመልሳል ብለው ስላመኑ የተለመደውን የጽሑፍ ፈተናና የነጥብ ደረጃ ተዉ። በምትኩ ቱተሩ፣ የቡድን ጓደኞችና ተማሪው ራሱ የሚሰጡት ግምገማ ለማለፍም ለመውደቅም መሠረት ሆነ። በኔዘርላንድስ የማስትሪኽት የሕክምና ፋኩልቲም እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንኑ ዘዴ ይዞ ሥራ ጀመረ።

የቱተር ግምገማ

ቱተሩ ተማሪውን ለብዙ ሳምንታት በቅርብ ስለሚያየው ከማንም የተሻለ ዳኛ ይመስላል። በተግባር ግን ውጤቱ አስተማማኝ አልሆነም። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ተማሪ በአንድ ነገር ጥሩ ሲሆን በሌላውም ጥሩ ተደርጎ ይታያል፤ ዝምተኛው ብዙ ቢያውቅም ዝቅ ያለ ግምት ይሰጠዋል። ለአምስት ወይም ለስድስት ተማሪዎች እንደ ታላቅ ወንድም ሆኖ የከረመ መምህር አንዱን ለመጣል እጁ አይታዘዝለትም፤ በመሆኑም የአብዛኞቹ ውጤት ከፍ ብሎ ይቀራረባል።

ከዚህ የባሰው ጉዳት በትምህርቱ ላይ የሚደርሰው ነው። ዘዴው የሚንቀሳቀሰው ተማሪው «ይህን አላውቅም» ሲል ነው። ተማሪው ያው ሰሚ መምህር ነጥብ እንደሚሰጠው ካወቀ ግን አለማወቁን መደበቅ ይጀምራል። የጓደኛ ግምገማም ሰዓት ማክበርንና የተሰጠን ሥራ መወጣትን ለማወቅ ይጠቅማል እንጂ ለዕውቀት መለኪያነት ደካማ ነው። ሰው ለራሱ የሚሰጠው ግምትም ከፈተና ውጤቱ ጋር እምብዛም አይገጥምም።

ስሉስ ዝላይ

በማክማስተር በ1970ዎቹ የተዘጋጀው «ስሉስ ዝላይ» የተባለ የቃል ፈተና ስሙን ያገኘው ከአትሌቲክሱ ውድድር ነው። በመጀመሪያው ዝላይ ተማሪው ብቻውን ከፈታኙ ጋር ስለ አንድ ሕመምተኛ ይወያያል፤ በሁለተኛው የጎደለውን ፈልጎ ያነባል፤ በሦስተኛው ተመልሶ ያገኘውን ያስረዳል። ከትምህርቱ አካሄድ ጋር በጣም ይስማማል። ድክመቱ በአንድ ታሪክ ላይ መወሰኑ ነው። አርተር ኤልስቲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሐኪም በአንድ በሽታ ላይ በደንብ ማሰቡ በሌላው ላይም እንደዚያው ለማሰቡ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ የልብ ድካም የደረሰው ተማሪ ሲያልፍ፣ የኩላሊት በሽታ የደረሰው ጓደኛው በዕድል ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

ፕሮግረስ ቴስት

በ1980ዎቹ መጨረሻ በካናዳ የሙያ ፈቃድ ፈተና የሚወድቁ የማክማስተር ምሩቃን ድርሻ ከአገሪቱ አማካይ በብዙ እጥፍ በለጠ። ለዓመታት በቱተሮቻቸው «በቂ» ተብለው ያለፉ ሰዎች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ መፍትሔውን ያገኘው ከማስትሪኽት ነው።

በማስትሪኽት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ዓመት ያሉ ተማሪዎች ሁሉ በዓመት አራት ጊዜ አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዱ ነበር። የፈተናው ደረጃ የምሩቅ ሐኪም ስለሆነ አዲስ ገቢው ጥቂት ብቻ ይመልሳል፤ የሚጠበቅበትም ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ ማለት ነው። ጥያቄዎቹ ከመላው የሕክምና ዕውቀት ስለሚወጡ በዋዜማው ማጥናት አያዋጣም። «አላውቅም» የሚል ምርጫም ነበረው፤ የተሳሳተ ግምት ነጥብ ያስቀንሳል፣ «አላውቅም» ማለት ግን አያስቀንስም።

ማክማስተር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህን ፈተና በ180 የምርጫ ጥያቄዎች፣ በዓመት ሦስት ጊዜ መስጠት ጀመረ። ዋና ዓላማው ወደ ኋላ የቀረውን ተማሪ ቀድሞ ማወቅና መርዳት ነበር። ቱተሩ ከዳኝነት ሙሉ በሙሉ ባይወጣም የዕውቀት ልኬቱ ከቡድኑ ውጭ ሆነ፤ በፈቃድ ፈተናው የሚወድቁትም በጉልህ ቀነሱ።

የእጅ ሙያና ከሕመምተኛ ጋር መነጋገር በጽሑፍ ስለማይለኩ፣ ሮናልድ ሃርደን በስኮትላንድ ደንዲ ከተማ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቀው ኦስኪ አብሮ ይሰጣል። ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ በተወሰነ ደቂቃ አንድ አንድ ሥራ ይሠራል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ዘዴው በስፋት የገባው የሐኪሞችን ቁጥር ለማሳደግ እ.ኤ.አ. በ2012 በተጀመረው አዲስ የሕክምና ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ይህ ሥርዓት የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተማሪዎች የሚቀበል ሆኖ ተጀመረ። ከዚያ ቀደም ጅማ የምትታወቅበት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ከዚህ ጋር ቢቀራረብም መነሻው የአካባቢው ሕዝብ የጤና ችግር እንጂ በወረቀት የተጻፈ የሕመምተኛ ታሪክ አይደለም። መምህር አንሶ ቡድኑ ሲሰፋ የቱተር ግምገማ የበለጠ ይዳከማል፤ አሥራ አምስት ተማሪዎች በተቀመጡበት ክፍል ማን እንዳነበበና ማን እንዳላነበበ ከወንበር ሆኖ መለየት አስቸጋሪ ነው።